ሆድ ሳይገፋ

በአገራችን እርግዝና የሚቆጠረው ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ተብሎ ነው። ቁጥሩ የተወረሰው ከቤተ ክርስቲያን ነው። የክርስቶስ ጽንሰት መጋቢት 29፣ ልደቱ ታኅሣሥ 29 ይውላል፤ በመካከሉ ያሉት ዘጠኝ የሠላሳ ቀን ወራትና የጳጉሜ አምስት ቀናት ተደምረው 275 ቀን ይሆናሉ። ጳጉሜ ስድስት ስትሆን ገና ታኅሣሥ 28 ቀን የሚከበረውም ይኸው ድምር እንዳይዛነፍ ነው።

ሐኪም ቤት ያለው ቆጠራ ሌላ ነው። እዚያ እርግዝና 280 ቀን ወይም 40 ሳምንት ሲሆን የሚጀምረውም ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ነው። የፀነሰችበትን ቀን ለይታ የምታውቅ ሴት ጥቂት ናት፤ ደም ያየችበትን ቀን ግን አብዛኛዋ ታስታውሳለች። በዚህ አቆጣጠር የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ገና ምንም ያልተፀነሰባቸው ናቸው። የወር አበባዋ በቀረ በማግስቱ ጤና ጣቢያ የሄደች ሴት «የአራት ሳምንት እርጉዝ ነሽ» ስትባል፣ ማህፀኗ ውስጥ ያለው ጽንስ ዕድሜው ሁለት ሳምንት ነው። በዚህ ልዩነት ምክንያት ባልና ሚስት ሊጠራጠሩና ሊቀያየሙ ስለሚችሉ ነገሩን ደግሞ መናገር ይገባል፦ እነዚያ ሁለት ሳምንታት የአቆጣጠር ልማድ ናቸው እንጂ የማንም በደል ማስረጃ አይደሉም።

የመውለጃውን ቀን ለማስላት የእኛ ዘመን አቆጣጠር እጅግ የተመቸ ነው። የመጨረሻው የወር አበባ በታየበት ቀን ላይ ዘጠኝ ወር ከአሥር ቀን መጨመር ነው፤ በመሀል ጳጉሜ ካለች ግን አሥሩ ቀን አምስት ይሆናል፣ ጳጉሜ ስድስት ከሆነች ደግሞ አራት። ጥቅምት 5 ደም ያየች ሴት ሐምሌ 15 ገደማ ትወልዳለች። ጥር 20 ያየችው ደግሞ ጳጉሜን ተሻግራ ጥቅምት 25 ገደማ። «ገደማ» የምለው ሕፃናት ቀን ስለማያከብሩ ነው፤ በተሰላው ቀን ላይ የምትወልድ ሴት ከ20 አንዷ ብትሆን ነው። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ በሁለት ሳምንት ውስጥ መውለድ የተለመደ ነው።

ስለ ቆጠራው ይህን ያህል የተናገርኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የሰው አካል ዋና ዋና ክፍሎች የሚመሠረቱት እስከ አሥረኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሆድ አልገፋም፣ ጎረቤት አላወቀም፣ ብዙ ጊዜ አማትም አልሰማችም። «ማርያም በሽልም ታውጣሽ»፣ «አላህ በሰላም ይገላግልሽ» የሚለው ምርቃት የሚመጣው ልብስ መጥበብ ሲጀምር ነው። ከዚያ በፊት ዝም ማለት ባህላችን ነው፤ የሰው ዓይን ይፈራል፣ ይወርዳል ተብሎ ይሰጋል፣ መጀመሪያ ያረገዘች ልጅም ታፍራለች። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንዳሳየው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ለእርግዝና ክትትል የቀረቡት እናቶች 20 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2019 ዳሰሳ ቁጥሩ 28 በመቶ ደርሷል። መሻሻሉ ጥሩ ነው፤ የቀሩት ግን ገና ብዙ ናቸው። ለጎረቤት አለመናገር የእያንዳንዷ መብት ነው። ለሐኪም አለመናገር ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ ለምን እንደሚያስከፍል የሚገባው በእነዚያ ሳምንታት ማህፀን ውስጥ የሚሆነውን ሲያውቁ ነው።

እንቁላል ከወጣች በኋላ በሕይወት የምትቆየው ቢበዛ አንድ ቀን ነው። የወንዱ ዘር ግን በሴቷ አካል ውስጥ እስከ አምስት ቀን ሊጠብቅ ይችላል። ሁለቱ የሚገናኙት ማህፀን ውስጥ ሳይሆን ወደ ማህፀን በሚወስደው ቱቦ ውስጥ ነው። አንዷ ሕዋስ ሁለት፣ ሁለቱ አራት እየሆኑ እየተባዙ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ማህፀን ይደርሳሉ፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት የማህፀንን ግድግዳ ሰርስረው ይገባሉ። አንዳንድ ሴቶች በዚህ ጊዜ ጥቂት ደም ጠብ ሲል አይተው የወር አበባ ይመስላቸዋል። ግድግዳው ውስጥ የተተከለው ጽንስ ወዲያው ኤችሲጂ የተባለውን ሆርሞን ወደ እናቱ ደም መልቀቅ ይጀምራል። ሆርሞኑ ለእናቲቱ አካል የሚያደርሰው መልእክት «ደሙን አታፍስሽ» የሚል ነው። የወር አበባ የሚቀረው በዚህ ነው።

የእርግዝና መመርመሪያውም የሚፈልገው ይህንኑ ሆርሞን ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ በርሊን የነበሩት ሐኪሞች አሽሃይምና ዞንዴክ የሴቲቱን ሽንት ለአይጦች ወግተው የአይጦቹን የእንቁላል ማመንጫ በመመልከት ነበር እርግዝናን የሚያውቁት፤ ውጤቱን ለማግኘት ቀናት ይፈጃል፣ አይጦቹም ይሞታሉ። ሴት በገዛ ቤቷ ራሷን መርምራ ታውቅ የሚለው ሐሳብ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1967 አሜሪካ ኒው ጀርሲ ውስጥ በአንድ የመድኃኒት ኩባንያ በንድፍ ሥራ ከተቀጠረችው ከማርጋሬት ክሬን ነው። አለቆቿ ሐሳቡን አልወደዱትም ነበር፤ ሴት ሐኪም ሳይነግራት ታውቃለች ማለት ያን ጊዜ ድፍረት ነበር። ዛሬ ከየመድኃኒት ቤቱ የምትገዛዋ ቀጭን ወረቀት የዚያ ሐሳብ ልጅ ናት። በማለዳ ሽንት፣ የወር አበባ ከቀረ በኋላ መመርመር ይሻላል። ሁለተኛዋ መስመር ደብዘዝ ብላ ብትታይም በተባለው ደቂቃ ውስጥ እስከወጣች ድረስ መስመር ናት፤ አዎ ማለት ነው። አንድ መስመር ብቻ ከወጣና የወር አበባ ካልመጣ ግን ተስፋ መቁረጥም መደሰትም ሳይኖር ከጥቂት ቀናት በኋላ መድገም ነው፤ ሆርሞኑ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በየሁለት እስከ ሦስት ቀኑ እጥፍ ስለሚሆን ዛሬ ያልታየው ከነገ ወዲያ ሊታይ ይችላል።

ከዚያ ምልክቶቹ ይከተላሉ። ጡት ይከብዳል፣ ሲነካም ያማል። ሽንት ቶሎ ቶሎ ይመጣል። ድካሙ በእንቅልፍ የሚለቅ አይደለም፤ ሰነፍሽ የምትባል ሴት ብዙ ጊዜ ያልተነገረላት እርጉዝ ናት። ሆድ ይደርቃል፣ ቃር ይመጣል። ይህ ሁሉ ለአብዛኞቹ የሚቻል ነው። የማይቻለው ማቅለሽለሹ ነው።

ከአሥር እርጉዞች ሰባት ስምንቱን ያቅለሸልሻቸዋል። ብዙውን ጊዜ በስድስተኛው ሳምንት ይጀምራል፣ ዘጠነኛው ሳምንት ላይ ይበረታል፣ ከ12ኛው እስከ 16ኛው ባለው ይለቃል። የማለዳ ሕመም ይባል እንጂ ሰዓት አይመርጥም። ትናንት የምትወደው ቡና ዛሬ ምጣዱ ላይ ሲቆላና ጭሱ ወደ እንግዶቹ ሲቀርብ አፏን ይዛ ወደ ውጭ የምትወጣው፣ ሽንኩርት ሲቁላላ ወጥ ቤት መግባት የሚያቅታት በዚህ ጊዜ ነው። ለዘመናት ይህ ሕመም ማሞላቀቅ የምትፈልግ ሴት ጠባይ ተደርጎ ሲታይ ኖሯል፤ በሐኪሞችም ዘንድ ጭምር። አሜሪካዊቷ የዘረ መል ተመራማሪ ማርሌና ፌይዞ እ.ኤ.አ. በ1999 እርጉዝ ሳለች ውሃ እንኳ መዋጥ እስኪያቅታት ታማ ጽንሷን አጣች፤ ሐኪሟ ግን ሕመሟን እንደ ቁም ነገር አልቆጠረውም ነበር። ከዚያ በኋላ የሙያ ዘመኗን ለዚህ ጥያቄ ሰጠች። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 እሷና የካምብሪጁ ስቲቨን ኦራሂሊ ከባልደረቦቻቸው ጋር በኔቸር መጽሔት ያወጡት ጥናት ምንጩን አሳየ፦ ጂዲኤፍ15 የተባለ ሆርሞን ነው። ጽንሱና እንግዴ ልጁ ይህን ሆርሞን በብዛት ወደ እናቲቱ ደም ይለቃሉ፤ ሆርሞኑም አንጎል ሥር ያለውን የማስመለስ ማዕከል ይቀሰቅሳል። ከእርግዝና በፊት በደሟ ውስጥ ይህ ሆርሞን ዝቅተኛ የነበረባት ሴት ስላልለመደችው ይበልጥ ትታመማለች፤ ቀድሞውኑ ከፍ ያለ የነበረባት ግን ብዙም አይሰማትም። እንግዲህ ያቺ ሴት አልተሞላቀቀችም። ደሟ ውስጥ የገባውን ነው የምትናገረው።

ለቀላሉ ማቅለሽለሽ ከአልጋ ሳይነሱ ጥቂት ደረቅ ዳቦ ወይም ቆሎ መቅመስ፣ ሆድን ባዶ አለመተው፣ በትንሽ በትንሹ ቶሎ ቶሎ መብላት፣ ዝንጅብል ሻይ መጠጣት ይረዳል፤ ሐኪም ቫይታሚን ቢ6ም ሊያዝ ይችላል። ያላቅለሸለሻት ሴትም ልትሰጋ አይገባም፤ ጤነኛ ልጅ ያለ ምንም ማቅለሽለሽ ይወለዳል። ውሃ እንኳ የማይረጋላት፣ ሽንቷ የጠቆረና ያነሰ፣ ስትቆም የሚያዞራትና ክብደቷ የሚቀንስ ሴት ግን ቤት ውስጥ «ያልፍላታል» እየተባለች መቀመጥ የለባትም። በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ያስፈልጋታል፣ ሕክምናም አለው።

እናቲቱ ማቅለሽለሽ በጀመራት በዚያው በስድስተኛው ሳምንት ጽንሱ የምስር ፍሬ ያህል ነው። ከተፀነሰ በ22ኛው ቀን ገደማ ልቡ መምታት ጀምሯል። በጀርባው በኩል ደግሞ የሕዋሳት ንጣፍ ግራና ቀኙ ተነሥቶ ወደ መሀል ይታጠፍና ይገጥማል፤ ቱቦ ይሆናል። የቱቦው የላይኛው ጫፍ አንጎል፣ የቀረው ህብለ ሰረሰር ነው የሚሆነው። ግጥሚያው የሚጀምረው በዚያው በ22ኛው ቀን አካባቢ ሲሆን በ28ኛው ቀን ያበቃል። የላይኛው ጫፍ ሳይገጥም ከቀረ የራስ ቅልና አንጎል አይሠሩም፤ ሕፃኑ አይተርፍም። የታችኛው ካልገጠመ አከርካሪው ክፍት ሆኖ ይወለዳል፤ እግሮቹ ላይታዘዙት፣ ሽንቱን ላይቆጣጠር፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ውሃ ሊጠራቀም ይችላል።

28ኛው ቀን ማለት እናቲቱ የወር አበባዋ ከቀረ ገና ሁለት ሳምንቷ ነው። ብዙዋ አልተመረመረችም። የሚያሳዝነው ይህን ጉዳት በአብዛኛው የሚከላከለው ነገር መኖሩና ርካሽ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ውጤቱ የታተመው የእንግሊዝ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ጥናት በሰባት አገሮች ውስጥ ከዚህ ቀደም እንዲህ ያለ ልጅ የወለዱ ሴቶችን አሳትፎ ነበር፤ ከመፀነሳቸው በፊት ጀምሮ ፎሊክ አሲድ የወሰዱት ላይ ጉዳቱ በ72 በመቶ ቀነሰ። ጥቅሙ በግልጽ ስለታየ ጥናቱ ከታሰበው ጊዜ በፊት ቆመ። ዛሬ ልጅ ለምትፈልግ ማንኛዋም ሴት የሚመከረው በቀን 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ነው፤ ከመፀነስ ቢያንስ አንድ ወር በፊት ተጀምሮ እስከ 12ኛው ሳምንት። ከዚህ በፊት አከርካሪው ክፍት የሆነ ልጅ የወለደች ደግሞ ከዚያ አሥር እጥፍ የሚሆን መጠን በሐኪም ትዕዛዝ ትወስዳለች።

ይህ ጉዳይ ለእኛ የሩቅ አይደለም። በትግራይ ሆስፒታሎች የተደረገ ጥናት ከ10,000 ልደት ከ100 በላይ እንዲህ ያለ ጉዳት መዝግቧል፤ የዓለም አማካይ 20 እንኳ አይሞላም። በአዲስ አበባ ዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች የጨቅላዎችን ጀርባ ሲሰፉ ይውላሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 መንግሥት የስንዴ ዱቄት በፎሊክ አሲድና በሌሎች ንጥረ ነገሮች እንዲበለጽግ የሚያስገድድ ደረጃ አውጥቷል፤ ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን ጤፏን፣ በቆሎዋን ወይም ማሽላዋን በሰፈሯ ወፍጮ ቤት አስፈጭታ የምትበላ እናት ከፋብሪካ የወጣው ዱቄት አይደርሳትም። ምስር፣ ባቄላ፣ ሽምብራና ጎመን ፎሌት አላቸው፤ ለረጅም ጊዜ ሲቀቀሉ ግን ብዙው ይጠፋል፣ ለዚህ ዓላማም ብቻቸውን አይበቁም። ጤና ጣቢያ የሚሰጠው የአይረንና የፎሌት እንክብል ለደም ማነስ እጅግ ጠቃሚ ነው። በአምስተኛው ወር የጀመረችው ግን ለአከርካሪው አትደርስበትም፤ ቱቦው ገጥሞም ሆነ ሳይገጥም ከቀረ ሦስት ወር አልፎታል። ስለዚህ ስለ ፎሊክ አሲድ መነገር ያለበት ለነፍሰ ጡሯ ብቻ ሳይሆን ለሙሽራዋም፣ የወሊድ መከላከያዋን ለማቆም ላሰበችውም ነው።

መድኃኒትም በዚህ ወቅት ጥንቃቄ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1957 ምዕራብ ጀርመን ውስጥ ለገበያ የቀረበውና እርጉዞች ለማቅለሽለሽ ይወስዱት የነበረው ታሊዶሚድ ጉዳት ያደረሰው ከተፀነሰ ከ20ኛው እስከ 36ኛው ቀን ገደማ በወሰዱት ላይ ነበር። በ1961 ከገበያ እስኪነሣ ድረስ ከ10,000 በላይ ሕፃናት እጅና እግራቸው ሳይሟላ እንደተወለዱ ይገመታል። ዛሬም ለብጉር የሚሰጠው አይሶትሬቲኖይን፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ቫልፕሮኤት ጽንስ ይጎዳሉ። ቫልፕሮኤት የምትወስድ ሴት ግን በራሷ ድንገት ማቋረጥ የለባትም፤ ከመፀነሷ በፊት ሐኪሟ ይቀይርላት። ኮሶና ለሆድ ማጠቢያ የሚጠጡ ሌሎች መድኃኒቶች ለእርጉዝ አይሆኑም። ጥሬ ሥጋና ለብ ለብ ክትፎ፣ ያልፈላ ወተት እስክትወልድ ይቆዩ። ለጠላም ለጠጅም ጽንስን አይጎዳም የሚባል መጠን አልተገኘም። ቡና ጨርሶ መተው አያስፈልግም፤ አቦሉን ጠጥቶ መነሣት ግን ይቻላል። በጾምም ቢሆን ቤተ ክርስቲያን ነፍሰ ጡርን አታስገድድም፣ በእስልምናም ለራሷ ወይም ለጽንሷ የሰጋች ሴት ማፍጠር ተፈቅዶላታል። ይህን እያወቁ የሚጾሙ እናቶች ቢያንስ ከንስሐ አባታቸውና ከሐኪማቸው ጋር ይነጋገሩ።

አሁን ብዙዎች በልባቸው ወደሚይዙት ፍርሃት እንምጣ። ከታወቁ እርግዝናዎች ከ100 ከ10 እስከ 20 የሚሆኑት ይወርዳሉ፤ አብዛኞቹም ከ12ኛው ሳምንት በፊት ነው። ከግማሽ ያላነሱት የሚወርዱት ሲፀነሱ በክሮሞሶም ላይ በተፈጠረ ስህተት ነው። እንስራ ስለተሸከመች፣ ስለደነገጠች፣ አምሮቷ ስላልተሟላላት ወይም የሰው ዓይን ስላረፈባት አይደለም። ልጇ የወረደባት ሴት ከሐዘኗ በላይ የጥፋተኝነት ሸክም ሲጨመርባት ማየት ያማል፤ «ምን አድርገሽ ነው?» የሚለው ጥያቄ ከአፋችን ቢጠፋ እመኛለሁ። ደም ማየትም ሁልጊዜ መጨረሻው አይደለም፤ ከአራት እርጉዞች አንዷ ገደማ በመጀመሪያዎቹ ወራት ጥቂት ደም ታያለች፣ ብዙዎቹም ልጃቸውን ያቅፋሉ። ነገር ግን ደሙ ከበዛ፣ ወይም በአንድ ጎን ከሆድ በታች የሚወጋ ሕመም ካለ፣ በተለይ ትከሻ ላይ ከተሰማና ራስን ካሳተ፣ ጽንሱ ከማህፀን ውጪ በቱቦ ውስጥ ተተክሎ ሊሆን ይችላል። እሱ ሌሊትም ቢሆን የማይቆይ ነው፤ ቱቦው ሲፈነዳ ሴቲቱ ውስጥ ለውስጥ ደሟ ይፈስሳል። ትኩሳትም እንዲሁ፤ በቆላ አካባቢ ወባ እርጉዝን ቶሎ ይጥላል።

የመጀመሪያው ክትትል ከ12ኛው ሳምንት በፊት እንዲሆን የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። የደም ግፊትና ክብደት ይለካል፣ ሽንት ይታያል። ከክንድ በሚወሰደው ደም የደም ማነስ፣ ኤች አይ ቪ፣ ቂጥኝ፣ የጉበት ቫይረስና የደም ዓይነት ይመረመራል። የደም ዓይነትን ለመጨረሻ ያቆየሁት በምክንያት ነው፤ ሾተላይን የማያውቅ አበሻ የለምና። የመጀመሪያው ልጅ ደህና ተወልዶ ተከታዮቹ በማህፀን ወይም በተወለዱ በሰሞኑ ሲሞቱ «ሾተላይ አለባት» ይባላል፤ ሴቲቱ ትፈታለች፣ ትሸሻለች፣ ጠበል ለጠበል ትንከራተታለች። ሕክምና የሚያውቀው አንዱ ምክንያት የደም አለመጣጣም ነው። የእናቲቱ ደም አርኤች ኔጌቲቭ፣ የጽንሱ ከአባቱ የወረሰው ፖዘቲቭ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ በወሊድ ላይ የልጁ ደም ወደ እሷ ይገባል። አካሏም ያን ደም የሚያጠፋ መከላከያ ያመነጫል። የመጀመሪያው ልጅ ያመልጣል፤ መከላከያው የሚያጠቃው ቀጣዮቹን ነው። ተደጋጋሚ ሞት ሁሉ ከዚህ አይመጣም፤ ያልታከመ ቂጥኝም እንዲሁ ልጅ በልጅ ላይ ይገድላል፣ እሱ ግን በፔኒሲሊን ይድናል።

የደም አለመጣጣሙን ጉዳት የሚያስቀር መርፌ ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። በ28ኛው ሳምንት ገደማ ይሰጣል፣ ከወሊድ በኋላም የልጁ ደም ፖዘቲቭ ከሆነ በ72 ሰዓት ውስጥ ይደገማል። ጽንስ ሲወርድም፣ በተለይ 12 ሳምንት ካለፈው ወይም ከማህፀን ውጪ ከነበረ፣ ሊያስፈልግ ይችላል። አካሏ መከላከያውን አንዴ ካመነጨ በኋላ ግን መርፌው አይረዳትም። በየመድኃኒት ቤቱ የማይገኝና ዋጋውም ቀላል ያልሆነ ስለሆነ በእነዚያ 72 ሰዓታት ውስጥ ፈልጎ ማግኘት የሚችለው፣ ደሟ ኔጌቲቭ መሆኑን ገና ሆዷ ሳይገፋ ያወቀ ቤተሰብ ነው።